የጽጌ መቀነት

ከልደታ በወጣሁበት አመሻሽ ታናሽ እህቴ ጽጌ የራሷን መቀነት ፈትታ ወገቤ ላይ ጠመጠመችልኝ። «አጥብቂው፤ ሻንጣው ይከብዳል» አለች። በሽሮና በበርበሬ ያከበደችው ራሷ ናት። እኔ ጣልያን ልሠራ፣ እሷ እማዬን ልታስታምም ተስማምተን ነበር። እማዬ ስትሞት ግን ጽጌ የነገረችኝ ከአርባዋ በኋላ ነው። «ሆድሽ እንዳይባባ ብዬ» አለችኝ። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

ቦሎኛ ከተማ አንዲት አሮጊት ሲኞራ አስታምም ነበር። አንድ ጠዋት ከመታጠቢያ ገንዳ ሳነሳት ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። እኛ ቤት ወገብ ሲያም ይታሰራል እንጂ ሐኪም ቤት አይሮጥም፤ መቀነቱን አጥብቄ ሥራዬን ቀጠልኩ። በማግስቱ መቀመጫዬና የጭኖቼ መካከል ደነዘዘ፤ ሽንቴም እምቢ አለ። መቀነቱ ጠብቆ ነው ብዬ አላላሁት። ምንም ለውጥ የለም።

ሲብስብኝ የሄድኩበት ሆስፒታል ያመጡልኝ አስተርጓሚ ከልደታ ጎን ያለው የአብነት ሰፈር ሰው ሆኖ ተገኘ፤ እናቱ የጽጌ ማኅበርተኛ ናቸው። መዝጋቢዋ «የቅርብ ዘመድ አለሽ?» አለች።

«እህት አለችኝ፤ ግን መርዶ ስለምታዘገይ አትጠቅማችሁም በላት።»

አስተርጓሚው ብቻ ሳቀ። ሐኪሙ ሲመጣ ግን አስተርጓሚው መሬት መሬቱን እያየ፣ «እትዬ፣ ሽንት ይወጣልዎታል ወይ? እዚያ አካባቢስ ሲነኩት ይሰማዎታል? ነው የሚለው» አለኝ።

ነገ አብነት፣ ከነገ ወዲያ ልደታ ሊወራ! «ወገቤን ብቻ ነው በለው።»

ማስታገሻ ሰጥተው ወንበር ላይ ተዉኝ። ከሰዓት በኋላ ልነሳ ስል እግሬ ከዳኝ። ወለሉ ረጥቧል፤ እኔ አልተሰማኝም። አስተርጓሚው ጃኬቱን አውልቆ ሸፈነኝ።

«እኔ ምንም አላየሁም፣ እትዬ። አሁን ግን እውነቱን ይንገሩኝ።»

ነገርኩት። ከዚያ ሁሉም ሮጡ። የአከርካሪዬ ዲስክ ወጥቶ የታችኛውን ነርቮች ጨፍልቋቸዋል፤ አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ካልተደረገች አሉ። መቀነቱን በመቀስ ቆረጡት። ሐኪሙ አንድ ነገር ተናገረ፤ አስተርጓሚው ፊቱን አዞረ።

«ተርጉመው እንጂ!»

«ጠዋት ነግረውን ቢሆን ኖሮ... ነው የሚለው።»

እግሬ ተመለሰ፤ በምርኩዝ እሄዳለሁ። ሽንቴን ግን በቀን አራት አምስት ጊዜ በቀጭን ቱቦ ነው የማወጣው። የአብነቱ ሰው ለእናቱ እንኳ አልተነፈሰም።

ባለፈው እሁድ ጽጌ ደወለች። «ድምፅሽ ልክ አይደለም። የደበቅሽኝ ነገር አለ?»

«መደበቅ ያንቺ ሙያ ነው።»

ነገሩን አልፋ፣ «ለግንቦት ልደታ ነይ። የእማዬን አልጋ አንጥፌልሻለሁ» አለች።

የግቢያችን ሽንት ቤት ለስድስት ቤት አንድ ነው፤ ማን እንደገባ፣ ምን ያህል እንደቆየ ሁሉም ያውቃል።

«እናያለን» አልኳት።

«መቀነቴስ አለ?»

«አሁንም ወገቤ ላይ ነው።»