ኦርክኒ ድረስ ሄዶ ጦሙን የዋለው ታምራት

«ስኮትላንዶች እንግዳ መቀበል አያውቁም!» አለ ታምራት ዛሬ ከአምልኮ በኋላ፣ ለንደን፣ ሃርልስደን ባለው የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ምሳ እየጠበቅን።

ታምራት ኳየር ውስጥ አብሮኝ ይዘምራል። ከስኮትላንድ በስተሰሜን ያሉትን ኦርክኒ ደሴቶች ጎብኝቶ መመለሱ ነው።

መጀመሪያ ፎቶ አሳየን። ነፋሱ ዛፍ የማያስበቅልበት አረንጓዴ ሜዳ፣ ከግብጽ ፒራሚዶች በፊት የቆሙ ድንጋዮች። ድንጋዮቹን ግን ጃኬቱ ጋርዷቸዋል።

«አክሱምን ላየ ሰው ይሄ ምንም አይደለም» አለን። (አክሱም ሄዶ አያውቅም። እህቱን ጠይቄ ቼክ አድርጌያለሁ።)

ከዚያ ተፈጸመብኝ ወዳለው በደል ገባ። ዝናብ ሲደበድበው አንዲት አሮጊት ቤቷ አስገባችው። እሳት ዳር አስቀምጣ ትኩስ የገብስ ቂጣ በአይብ አቀረበችለት።

«ታዲያ ምን አልካት?»

«ጠግቤያለሁ አልኳታ!»

«ጠግበህ ነበር?»

«ኧረ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም!»

«እሷስ?»

«እሺ ብላ ሳህኑን አነሳችው! በሞቴ የለ፣ አፈር ስሆን የለ። ጨካኝ!»

ምስኪን ሴትዮ! የማታውቀውን ሰው ከዝናብ አስጥላ፣ ቃሉን ስላመነችው ጨካኝ ተባለች። እዚህ አገር ስንት ዘመን የኖረው ሰውዬ፣ የልቡን እንድታነብለት ፈልጎ ነበር።

ምሳ ሳድል ዶሮ ወጡን ይዤ ፊቱ ቆምኩ።

«ኧረ ይቅርብኝ፣ ጠግቤያለሁ» አለ። እጁን ታጥቦ ጨርሷል።

«እሺ» ብዬ አጠገቡ ወደተቀመጠው ሰው አለፍኩ።

እናንተስ «ጠግቤያለሁ» ብላችሁ ጦማችሁን የዋላችሁት የት ነው? እስኪ ጻፉልኝ። ታምራት አይጽፍም፤ በሞቴ እስክለው እየጠበቀ ነው።