ለቅሶ ቤት የገባው ራግቢ

ልጄ ናሆም በአራት ዓመቱ ሞተ።

ያኔ በምንኖርባት በኢገን ከተማ ሐበሻ በጣት የሚቆጠር ቢሆንም አፓርታማችን በለቀስተኛ ተሞላ። ልማዳችን ነውና ሁሉም ስለ መኪና፣ ስለ በረዶ እያወራ ሊያስረሳኝ ይጥራል፤ የናሆምን ስም የሚያነሳ ግን የለም። እንዴት ያለ ደግነት ነው!

ኤርፖርት አብሮኝ የሚሠራው እንግሊዛዊው ፒተርም መጥቶ አጠገቤ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ሽማግሌው ጋሽ ተስፋይ በእንግሊዝኛ፣ «አፍህን ምን ለጎመው? አጫውተው እንጂ!» ብለው ተቆጡት።

ደነገጠና የሚያውቀውን ጀመረ፤ የትውልድ ከተማውን የራግቢ ሊግ ክለብ ታሪክ። ማን እንደመሠረተው፣ ማን ብዙ ነጥብ እንዳስቆጠረ፣ በማን ክፉኛ እንደተሸነፉ። በተለይ ሽንፈቱን አንድም አላስቀረብኝም። ለሐዘንተኛ ከዚህ የተሻለ መጽናኛ ከየት ይገኛል?

«ዋንጫስ በልታችሁ አታውቁም?» አልኩት፣ እንዲያበቃልኝ።

«አባቴ አይቻለሁ ይላል። እኔ አላየሁም።» ከዚያ ዞር ብሎ፣ «ናሆም በየትኛው እግሩ ነበር ኳስ የሚመታው?» አለኝ።



«ኧረ ይሄን ሰውዬ አንድ በሉት!» አሉ ጋሽ ተስፋይ።

«በግራው» አልኩ። የናሆምን ኳስ ከሶፋው ሥር አወጣሁና፣ ለቀስተኛው መሀል ቆሜ፣ ልክ እሱ እንደሚለጋው ለጋሁት።