የሴቶቹ ክፍል ፎቶዎች

እኔ ፈሪ ነኝ። ኋላ ማንም እንዳይታዘበኝ አስቀድሜ ልናገር። ውሻ እፈራለሁ፣ መብረቅ እፈራለሁ፣ መርፌ እፈራለሁ። ቢቸና ላይ ፎቶ ቤት ከፍቼ ይህን ያህል ጊዜ ስሠራ ግን ኮምፒውተር ያስፈራኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ኮምፒውተር ምን ያደርገኛል? አይነክስ፣ አይወጋ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ጠዋት ላፕቶፔን ስከፍት ከውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ አይጥ መስሎኝ ጠረጴዛውን በጥፊ መታሁት። ዝም አለ። ደግሞ ጀመረ። ጆሮዬን ሳስጠጋ ድምፁ የሚመጣው ከላፕቶፑ ሆድ ነው። አንድ ፎቶ ልክፈት ብል ግማሹ ተከፍቶ ግማሹ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ወዲያው አጠፋሁት።

የፈራሁት ለላፕቶፑ አይደለም። እሱ ገደል ይግባ። የፈራሁት ውስጡ ላለው አንድ ሰርግ ነው።

ሞጣ ያሉ ሙስሊም ቤተሰቦች ልጅ ሲድሩ የሴቶቹን ክፍል ሴት እንድታነሳላቸው ይፈልጋሉ። እዚያ ክፍል ሴቶቹ ሂጃባቸውን ጥለው፣ ፀጉራቸውን ለቀው፣ እንደ ልባቸው ይጨፍራሉ፤ ወንድ ድርሽ አይልም። በእኛ አገር ካሜራ የያዘች ሴት እንደ ልብ ስለማትገኝ ከቢቸና ድረስ እኔን ይጠሩኛል። የዚህችም ሙሽራ ቤተሰብ ጠሩኝ። ካሜራዬን ከቦርሳ ሳወጣ የሙሽሪት እናት እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ይሄን ፎቶ ወንድ እንዳያየው። ባልሽም ቢሆን።"

"ማርያምን አያየውም!" አልኳቸው።

"ማርያም እኛም ዘንድ ክብርት ናት። በእሷ ከማልሽ ይበቃኛል" አሉና ሂጃባቸውን ፈተው ወዲያ ወረወሩት። ከዚያ በኋላ እሳቸውን ማን ይያዛቸው! ሙሽሪትን አስንቀው ዋሉ።

አልበሙን እናትና ልጅ አብረው ሊመርጡ ተነጋገርን። እኔም እንደ ልማዴ ፎቶዎቹን በየሰዉ ለየሁ፦ የሙሽሪት ለብቻ፣ የሚዜዎቿ ለብቻ፣ የእናትየዋ ለብቻ። የካሜራው ሚሞሪ ለሚቀጥለው ሰርግ ተጠርጎ ሄደ። እነሱ ዛሬ ነገ ሲሉ እናትየዋ ታመሙ፤ ብዙም አልቆዩም፣ አረፉ። ከዚያ ወዲያ ማን አልበም ያነሳል? እነሱም ዝም አሉ፣ እኔም ዝም አልኩ። ያ ቀጭ ቀጭ ሊጀምር ጥቂት ቀን ሲቀረው ግን ሙሽሪት ደወለችልኝ።

"እትዬ፣ የእማዬን ፎቶ እፈልጋለሁ። መታወቂያዋ ላይ ካለው በቀር አንድም የላትም። እዚያ ላይ ደግሞ የተቆጣች ነው የምትመስለው።"

"አለልሽ፣ ብዙ አለልሽ የኔ እናት!" አልኳት። አፌን በቆረጠው።

ከፎቶ ቤቴ ማዶ ወዳለው የኮምፒውተር ጠጋኝ ሮጥኩ። ለአፍታ ከፍቶ ድምፁን ሰማና ወዲያው ዘጋው። ፊቱን ሳየው ሐኪም ቤት የቆምኩ መሰለኝ።

"ዲስኩ እየሞተ ነው። እኔ ጋ ተዪው፤ ፈትቼ የተረፈውን ላውጣልሽ።"

"ፎቶዎቹን እያየህ ነው የምታወጣው?"

"ሳላይ እንዴት አወጣለሁ? መከፈታቸውን ማረጋገጥ አለብኝ እኮ!"

ላፕቶፑን ከእጁ መነጨቅኩት። "ኧረ ምን ነካሽ?" አለ ደንግጦ። ምን ብዬ ላስረዳው? የሰው አደራ ነው አልኩት፤ በደንብ አልገባውም። "እንግዲያስ ከውጭ የሚሰካ ኤክስተርናል ዲስክ ግዢና ራስሽ ገልብጪው። እስክትገዢ ግን እንዳትከፍቺው። በከፈትሽው ቁጥር እየባሰበት ነው የሚሄደው። ጭራሽ ከቆመ አዲስ አበባ መላክ ነው፤ እዚያም ከፍተው ያዩታል።"

"ወንዶች?"

"እኔ የማውቃቸው ወንዶች ናቸው።"

ምን ይዋጠኝ! ቢቀመጥ ይጠፋል፣ ቢወጣ ይታያል። ቢቸና ውስጥ የጠየቅኩት ሱቅ ሁሉ የአንድ ሰርግ ፎቶ እንኳ ከማይችል ትንንሽ ፍላሽ በቀር ዲስክ የለውም፤ ሞጣ ሂጂ አሉኝ። መንገዱ ደግሞ ዛሬ ክፍት ነው ሲባል ነገ ይዘጋል። ዲስኩን ገዝቼ ብመለስና አልሠራም ቢለኝ መቼ ልቀይረው ነው? ስለዚህ ላፕቶፑንም በጋቢ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ጋቢውን ወደ ላይ አነሳለሁ።

"ቀስ በልማ አንተ ሰው!" ብዬ ሾፌሩ ላይ ጮኽኩ።

"እንቁላል ነው እንዴ የያዝሽው?"

"ከእንቁላል ይብሳል!"

ሰዉ ሳቀ። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ግንደወይንን እንዳለፍን ኬላ ላይ አስወረዱን። ፈታሹ ጋቢዬን ገልጦ ላፕቶፑን አየና "ይከፈት" አለኝ። ብከፍተው እዚያው መንገድ ዳር ሊሞት ነው፤ ባይሞት ደግሞ ዴስክቶፑ ላይ የተደረደረው የሴቶች ፎቶ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ሥራው ነው። "ታሞብኝ ወደ ጠጋኝ እየወሰድኩት ነው፣ አይነሳም" ብዬ ክዳኑን ብቻ ከፈት አድርጌ ጥቁሩን መስኮት አሳየሁት። አንዴ እኔን፣ አንዴ ላፕቶፑን አየ። "ሂጂ" አለኝ። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ጋቢውን መልሼ ጠቀለልኩበት።

ሞጣ ገበያው ዳር ያለው ሱቅ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም ሐጂ ነው የሚላቸው። ስልክ፣ ቻርጀር፣ ሬዲዮ ይሸጣሉ፣ ይጠግናሉም። የምፈልገውን ስነግራቸው ሦስት ዲስክ አውጥተው መስታወቱ ላይ ደረደሩልኝ። አንዱ የሚያብለጨልጭ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቢቸናን ሕዝብ ፎቶ በሙሉ የሚችል። ሁለተኛው ደልደል ያለ፣ ውስጡ የሚሽከረከር። ሦስተኛው ክብሪት የሚያህል፣ ምንም የማይሽከረከርበት፣ የሚይዘውም ትንሽ።

ዓይኔ የሚያብለጨልጨው ላይ አረፈ። ማን አይወድም? ሁሉንም ሥራዬን ይችልልኛል። እጄ ላይ ሳደርገው ግን ቀለለኝ። ባዶ የሳሙና እቃ የያዝኩ መሰለኝና ፈራሁ።

"ሐጂ፣ ይሄ ውስጡ ነገር አለው?"

"እኔ እንደመጣልኝ ነው የምሸጠው፣ ልጄ። ውስጡን አላየሁትም። እንሞክረው።"

ከራሳቸው ኮምፒውተር ፊልም እየጎተቱ ይሞሉት ጀመር። ብዙ ከገባ በኋላ "አሁን እንክፈታቸው" አሉ። የመጀመሪያው ፊልም ተከፈተ። ሁለተኛውም ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ያሉት ስማቸው ብቻ አለ፤ ቢጫኑ፣ ቢያባብሉ ወይ ፍንክች። ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔንም በልተውኛላ!" ብለው ዲስኩን ከባንኮው ሥር ወረወሩት።

እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። የእኒያን ሴት ሳቅ እዚያ ላይ ገልብጬ፣ "ተገልብጧል" ሲለኝ አምኜ ወደ ቢቸና ልመለስ ነበር። በስመ አብ! ከዚያ በኋላ ሁለቱንም እንደ እባብ ነው የማያቸው። የሚሽከረከረው ሰፊ ነው፤ ግን ያን የመጣሁበትን መንገድ ሲመለስ ቢናጥ እሱም ቀጭ ቀጭ ማለት ቢጀምርስ? ትንሹ መንገዱን ይችላል፤ ግን የያዝኩትን ሥራ ሩቡን አይወስድም። ሐጂ ትንሹንም በፊልም እስከ አፉ ሞልተው እያንዳንዱን ከፍተው አሳዩኝ። አንዱም አልጎደለም። እሱን ያዝኩ። ሌላው ሰርግ ሁሉ ይቅር አልኩ፤ ሲቀር ግን አንጀቴን በላኝ።

"በይ አምጪው፣ ልሰካልሽ" ብለው እጃቸውን ወደ ላፕቶፑ ዘረጉ።

"አይ ሐጂ! እርስዎ አያዩትም!"

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ወንዶች ዞር ብለው አዩኝ። ያፈርኩት ማፈር! ድምፄን ዝቅ አድርጌ "የሴቶች ክፍል ፎቶ ነው ሐጂ፤ የሰርግ" አልኳቸው። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። "ታዲያ ይሄን አትዪም?" አሉና ሰዉን ሁሉ አስወጡ። በሩን ገርበብ አድርገው በርጩማቸውን ደጃፍ ላይ አኖሩና ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው ተቀመጡ። ደንበኛ ሲመጣ "ዛሬ ውስጥ ሴት አለች" እያሉ ይመልሳሉ።

ከፈትኩት። ቀጭ፣ ቀጭ። ሰርጉን በሙሉ ይዤ ግልበጣውን አስጀመርኩ፤ ምን ያህል እንደተገለበጠ የሚያሳየው መስመር ብቅ አለ።

"መስመሩ ይሄዳል?" አሉ ሐጂ ከደጅ።

"ቆሟል!"

"የት ላይ?"

"ገና ጫፉ ላይ! ሐጂ፣ ምን ላድርግ?"

"ሰርዢው። ደክሟል፣ ሁሉን በአንዴ አትጫኚበት። አንድ አንዱን ውሰጂ። እስከ መጨረሻው ላያደርስሽ ይችላል፤ እንዳይቀርብሽ የምትፈልጊውን አስቀድሚ።"

አስቀድሚ ይሉኛል! የእኔ ነው እንዴ የማስቀድመው? ለሙሽሪት ደወልኩላት። ኔትወርኩ ደግነቱ ነበር። "ሐጂ ሱቅ ነኝ፣ ቶሎ ድረሺልኝ" ብቻ አልኳት። እስክትመጣ ድረስ ያን ድምፅ እየሰማሁ ተቀመጥኩ። ብዘጋው ዳግም ላይነሳ ነው፣ ብተወው እየሞተ ነው። ምን እንደምላት አላውቅም። ብትሰድበኝ፣ ብትጮህብኝ፣ እውነቷን ነው።

እያለከለከች ገባች። ነገርኳት፤ እንባዬ እየቀደመኝ ነገርኳት። አልጮኸችም። ከጎኔ ቁጢጥ አለች።

"አዲስ አበባ ቢላክስ?"

"ወንዶች ከፍተው ያዩታል።"

"አይሆንም። እማዬ አልፈቀደችም።"

"እንግዲያስ የማንን እናስቀድም? ሁሉም ላይተርፍ ይችላል። ያንቺ አለ፣ የሚዜዎችሽ አለ፣ የእናትሽ አለ።"

"የእማዬን።"

"ያንቺ የሰርግ ቀን ነው እኮ ልጄ፤ ሁለተኛ አይመጣም።"

"እኔ አለሁ አይደል" አለች።

የእናትየዋን ጎተትኩ። መስመሩ ትንሽ ሄደና ቆመ። ጠበቅን። ደግሞ ተንቀሳቀሰ። ሙሽሪት ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች፤ ጥፍሯ ገብቶብኛል። አለቀ አለን። ወዲያው የእሷን ጎተትኩ። ላፕቶፑ አንድ ረጅም የሲጥታ ድምፅ አሰማ፣ ከዚያ ቀጭ ማለቱንም ተወው። መስኮቱ ሰማያዊ ሆነ፣ ቀጥሎ ጥቁር ሆነ። ባበራው፣ ባበራው የለም። የእሷ ፎቶ አንዱም አልገባም።

"ሞተ?" አለችኝ።

"ሞተ።"

ቀና ብላ አላየችኝም። ትንሿን ዲስክ ነቅላ ሰጠችኝ። "ይከፈት እንደሆነ እንየው" አለች። መልሼ ሰጠኋትና የሐጂ ኮምፒውተር ላይ ራሷ ሰካችው። ያ የሚያብለጨልጨው ዲስክ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እሱም "ተገልብጧል" ብሎ ነበር። ስሙ ብቻ ቢኖርስ? ዓይኔን ጨፈንኩ። ዓይኔን ጨፍኜ "ማርያም፣ ማርያም" ስል "እትዬ፣ ይዩ" አለችኝ።

ተከፍቷል። ግራጫ የለው፣ ቁራጭ የለው። ፀጉራቸው ተለቆ፣ እጃቸው ወደ ላይ ተነስቶ፣ አፋቸው በሳቅ ተከፍቶ። ቀጣዩን ጫነች፤ እሱም አለ። ቀጣዩንም። ሁሉም ላይ ይስቃሉ፣ አንዱም ላይ ግን ወደ ካሜራዬ አያዩም፤ ፊታቸው ወደ ጎን ነው። ያን ቀን "እማማ፣ ወደዚህ!" እያልኩ ስጮህ መዋሌን አስታወስኩ።

"ማንን ነው የምታየው?" አለች ሙሽሪት።

"አንቺን ነዋ። እዚያ ጋ ነበር ያስቀመጡሽ።"

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ድምፅ አውጥታ፣ ትከሻዬ ላይ ተደፍታ፤ እኔም አብሬያት። ሐጂ ደጃፉ ላይ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "ምነው ልጆቼ፣ ጠፋ እንዴ?" አሉ። "አልጠፋም ሐጂ" አልኳቸው፣ ቀጣዩን ፎቶ እየጫንኩ።