ድልድዩን ያላየንበት ቅዳሜ

ባቡሩ ከኦክላንድ ተነስቶ ከባሕሩ ስር ወዳለው ዋሻ ሲገባ ይጮሃል። ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚወጣ፣ ጆሮ የሚሰነጥቅ ረጅም ጩኸት ነው። መስኮቱ ይጨልምና የራስሽ ፊት መስታወቱ ላይ ይመጣል። ለሥራ በየቀኑ ስለምመላለስበት ልብም አልለው። ባለፈው ሳምንት ግን ከፊት ለፊቴ የተቀመጠች ትንሽ ልጅ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች፤ አብሯት ያለው ሰው ደግሞ መዳፎቹን በእጆቿ ላይ ደርቦ ሸፈነላት። ያን ሳይ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

እኔም እንደዚያ ተሸፍኖልኝ ያውቃል። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የሸፈነልኝም ወንድሜ ነው።

ወንድሜ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ከሞተ በኋላ እናቴ በዲቪ ይዛን ስትመጣ እሱ አሥራ ሰባት፣ እኔ ሦስት ዓመታችን ነበር። እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሁለት ሺፍት ስለምትሠራ ያሳደገኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ፀጉሬን የሚያስርልኝ፣ ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ፣ መምህራኖቼን የሚያነጋግርልኝ እሱ ነበር። ጋሼ ነበር የምለው። ሳቂታ ሰው ነበር፤ በሩን ከመክፈቱ በፊት ሳቁ ደረጃው ላይ ይሰማን ነበር። እኔ ያኔ አማርኛ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም። በአማርኛ ይጠይቀኛል፣ በእንግሊዝኛ እመልስለታለሁ። ከጋሼ በቀር ከአፌ የሚወጣ የአማርኛ ቃል አልነበረም።

ዴሊቨሪ ነበር የሚሠራው፤ ቫን ይዞ ዕቃ ሲያደርስ ይውላል። አንድ ዝናባማ ቀን አመሻሽ ላይ የሚቀጥለውን አድራሻ ለማየት ዓይኑን ወደ ስልኩ ጣል አደረገ። ዜብራው ላይ አንድ ሽማግሌ እየተሻገሩ ነበር። በአራተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፉ።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ መሪ አልጨበጠም። የሰው መኪና ውስጥም አይገባም። አውቶቡስ ከተሳፈረ የመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ መንገዱ እንዳይታየው። ሳቁም ቆመ። እናቴ «ትንሽ አደጋ ደርሶበት ነው» ከማለት ሌላ ምንም አልነገረችኝም።

ግን የቤታችንን ደብዳቤ የማነበው እኔ ነበርኩ። እናቴ የእንግሊዝኛ ወረቀት ማንበብ ስለማይሆንላት፣ ፖስታ ሳጥኑን የምከፍተውም፣ የመብራቱን፣ የኢንሹራንሱን የማስረዳትም እኔ ነበርኩ። የጠበቃውን ደብዳቤም በዚያው ልማድ ቀደድኩት፤ የወንድሜ ስም እንዳለበት ያየሁት ከከፈትኩት በኋላ ነው። ሽማግሌውን ገጭቶ በመግደሉ የአንድ ዓመት እስራት ይላል። ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት እጁን ይስጥ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ በትምህርት ቤት ሙጫዬ አሽጌ ሳጥኑ ውስጥ መለስኩት።

በማግስቱ ማታ እናቴ ድስቱን እያማሰለች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «ጋሼሽ ሲያትል ሥራ አግኝቷል» አለችኝ።

«ኦኬ» አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ በሬን አንኳኳ። ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል።

«ተነሺ፣ ዛሬ ሳን ፍራንሲስኮን ላሳይሽ ነው» አለኝ።

በምን እንደምንሄድ ጠየቅሁት። «በባቡር፣ በአውቶቡስ፣ በእግራችን፤ ምን ጠፍቶ» አለና ሊስቅ ሞከረ። ሌክ ሜሪት የሚባለውን ሐይቅ በእግር ዞረን ባቡር ጣቢያ ደረስን። ውሃው የረጋ፣ የዳክዬ ኩስ የሚሸት፣ ግራጫ ነበር። ባቡሩ ከባሕሩ ስር ገብቶ ሲጮህ ነው እንግዲህ ጆሮዬን የያዘልኝ። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ እንደዚያ ሲደረግለት ያፍራል። እኔ ግን አልተንቀሳቀስኩም። መዳፎቹ ሳሙና ሳሙና ይሸቱ ነበር።

ከመሬት ስር ወጥተን የባሕሩ ዳር ሰፊ መንገድ ላይ ደረስን። ማዶ መርከቦቹ ይታያሉ። ለእግረኛ አረንጓዴ በራ፤ ሰው ሁሉ ተሻገረ። ወንድሜ አልተንቀሳቀሰም። ቀይ ሆነ። እንደገና አረንጓዴ በራ፤ አሁንም ቆሟል። በዚያ ሁሉ ብርድ ግንባሩ ላብ አውጥቷል።

«ካም ኦን! ኢትስ ግሪን!» ብዬ እጅጌውን ጎተትኩት። ሰዎች ዞረው አዩን። አፈርኩ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ በእሱ ነው ያፈርኩት።

በሦስተኛው አረንጓዴ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ከጎናችን ተነስተው ቀስ እያሉ መሻገር ጀመሩ። መንገዱ መሃል ሲደርሱ መብራቱ ላይ የቀረው ሰከንድ እየቀነሰ ሄደ። ወንድሜ ድንገት ትቶኝ ሮጠ። እጁን ዘርግቶ የቆሙትን መኪኖች አገደ፤ በሌላው እጁ የሽማግሌውን ክንድ ያዘ። እኔ ወዲህ ማዶ ብቻዬን ቀረሁ። ሽማግሌው እንደተሻገሩ ክንዳቸውን መንጭቀው አስለቀቁት።

«ልቀቀኝ! ማን እርዳኝ አለህ?» ሲሉት በእንግሊዝኛ፣ እኔ ድረስ ይሰማል።

እሳቸው ሄዱ። እሱ እጁን እንደዘረጋ እዚያው ቆሞ ቀረ። ተሻግሬ ስደርስ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ፣ «ነፋሱ ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እንደ ግዴታ ነበር። በእንጨት መራመጃው ላይ እየሄድን የባሕር አንበሳ የሚሏቸውን ትልልቅ የባሕር እንስሳት አየን፤ ግማት የሆነ ሽታ አላቸው፤ እርስ በርስ እየተነካከሱ ይጮሃሉ። ድንች ጥብስ ገዛልኝ፤ እሱ አልቀመሰም። በገመድ የሚጎተተውን የድሮ ባቡር ልናይ ዳገቱን ወጣን። ሰልፉ መንገዱን ዞሮ ስለነበር ሳንሳፈር ወረድን። «ደከመሽ?» ይለኛል በየአሥር ደቂቃው። «አይም ፋይን» እላለሁ። ከተማውን በአንድ ቀን ጨርሶ ሊያሳየኝ እንደፈለገ ይገባኝ ነበር። ስለገባኝ ነው ፊቴን ያጠቆርኩት።

በመጨረሻ በአውቶቡስ ከተማው ወደሚታወቅበት ትልቅ ቀይ ድልድይ ሄድን። እንደተለመደው የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጥን። ስንወርድ ግን ድልድይ የለም። ጭጋጉ ሁሉን ውጦታል። ከውስጡ የመኪኖች ጉምጉምታና ለመርከብ የሚነፋው ጡሩምባ ብቻ ይሰማል፤ እንደ ትልቅ ከብት ያጓራል። ጎብኚዎቹ ባዶውን ነጭ ነገር ፎቶ ያነሳሉ። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ይገለጥ እንደሆን ጠበቅን። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። አልተገለጠም።

«ስንት ጊዜ በላዩ ላይ በመኪና አለፍኩ መሰለሽ» አለ ወንድሜ። «አንድም ቀን ደህና አድርጌ አላየሁትም። ዓይኔን ከመንገዱ ላይ ስለማላነሳ...»

ቃሉን አልጨረሰውም። ከአፉ የወጣውን ራሱ ሰማው። ሁለት እጁን ጉልበቶቹ መሃል ከትቶ አቀረቀረ። ያ ፊት አሁንም አይለቀኝም። ሰው እንደዚያ በአንድ ጊዜ ሲያረጅ አይቼ አላውቅም ነበር።

ጡሩምባው እንደገና ሲነፋ ቀና አለ።

«ሰኞ ሲያትል ልሄድ ነው» አለኝ። «ሥራ አግኝቼ ነው።»

«ለስንት ጊዜ?» አልኩት በእንግሊዝኛ።

«አንድ ዓመት ቢሆን ነው።»

«መጥቼ ልይህ?»

«ሩቅ ነው፣ የኔ እናት።»

እስር ቤቱ ከቤታችን በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ነበር። በስልኬ አይቼዋለሁ። አውቃለሁ ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ለምን እንዳልተናገርኩ ስንት ዓመት አስቤበታለሁ። ፈርቼ ነው፤ ካልኩት እውነት የሚሆን መስሎኝ። ተናድጄም ነበር፤ ፀጉሬን ያበጠረ ሰው እንዴት ይዋሸኛል ብዬ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ዛሬም አላውቅም። ብቻ ስልኬን አውጥቼ ጌም መጫወት ጀመርኩ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ጭጋጉን ያያል። አንድ ጊዜ ብቻ እጁን አንስቶ አናቴ ላይ ሊያሳርፍ አለና ተወው።

ሰኞ ጠዋት ትልቅ ሻንጣ ይዞ ከእናቴ ጋር ወጣ። ሲያትል የሚሄድ ሰው ሻንጣ መያዝ አለበታ። በሩ ላይ አቅፎኝ «አጥኚ» አለኝ፤ ሌላ ምንም አላለም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሻንጣው እናቴ አልጋ ስር ተገፍቶ ገብቷል። ከፈትኩት። የተኮሰው ሸሚዝ ሳይቀር፣ ልብሱ ሁሉ እንደታጠፈ እዚያው ነበር። ዘግቼ ወደ ቦታው ገፋሁት፤ ለእናቴም ምንም አላልኳት።

ዓመቱ ሲሞላ ወጣ። ቀጥኖ፣ ግማሽ ፀጉሩ ሸብቶ ወጣ። ከእኛ ጋር ወር አልቆየም። አሁን ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ሆስፒታል ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ ያጥባል፣ ለሥራ በእግሩ ይመላለሳል። ያ ደረጃ ላይ የሚሰማ ሳቅ አብሮት አልወጣም። ልጠይቀው ስሄድ እንቁላል ይጠብስልኛል፣ ስለ ሥራዬ ይጠይቀኛል። ስለዚያ ዓመት አንድም ቀን አንስተን አናውቅም፤ እስካሁን በሁለታችን መሃል እሱ የነበረው ሲያትል ነው።

ከዚያ ዓመት አንድ የስልክ ጥሪ ብቻ አለኝ። ከሄደ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። እሱ የሚደውለው እናቴ ቤት ስትሆን፣ እኔ ትምህርት ቤት ስሆን ነው። የዚያን ቀን ግን አተኩሶኝ ቀርቼ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ትታ ልብስ ልታጥብ ምድር ቤት ወርዳለች። አነሳሁት። የተቀዳ የሴት ድምፅ በእንግሊዝኛ፣ ይህ ጥሪ ከእስር ቤት ነው፣ ከተቀበሉ ቁጥሩን ይጫኑ አለ። ተጫንኩ።

«እማዬ?» አለ ወንድሜ።

እናቴ እየመጣች እንደሆነ በሩን አየሁ።

«አንቺ ነሽ?»

«ያ» አልኩት።

ከኋላው ሰዎች ይጮሃሉ፣ የብረት በር ተላተመ። የተቀዳውን ድምፅ እንደሰማሁ ያውቃል። ማወቁንም እኔ አውቃለሁ። ሊዘጋው ነው ብዬ ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ሲያትል...» አለና እንደገና ጀመረ። «ሲያትል ዝናብ ነው።»

እንግሊዝኛው ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ጃንጥላ አለህ?»

ከኋላው የብረቱ በር እንደገና ተላተመ።

«አለኝ፣ የኔ እናት» አለኝ። «አለኝ።»