በመርፌ የተሰፋ የፀሐይ ማጣሪያ

የእህቴ ባል ልብስ ሰፊ ነው። ሰፈሩ «ይበቃል» ይለዋል፤ ደንበኛ ምንም ያህል ጨርቅ ይዞ ቢመጣ «ይበቃል» ብሎ ይቀበላል፣ ሱሪውም ሁልጊዜ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይቀራል።

በስተርጅና ፀሐይን ልመርምር ብሎ ተነሳ። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ትንሽ ቴሌስኮፕ ገዛ፤ አንዱ እግሩ የተሰበረ ስለሆነ በመጥረጊያ እንጨት ደገፈው። ልጁ ፈራች።

«አባባ፣ ያለ ማጣሪያ ካየህ ዓይንህ ይጠፋል። በምን ልትሰፋ ነው? ካልሆነ በቴሌስኮፑ የሚያልፈውን ብርሃን ነጭ ካርቶን ላይ አሳርፈህ፣ ለፀሐይዋ ጀርባህን ሰጥተህ እያት። ምንም አያስወጣህም።»

«ጀርባዬን? ተጣልተናል እንዴ?» ብሎ ሳቀባት።

ማጣሪያውንስ ገዛ። ግን ሙሉውን አይደለም፤ ርካሽ ነው ብሎ ሁለት ቁራጭ። እንደ ብስኩት መጠቅለያ የሚያብለጨልጭ ስስ ነገር ነው። አቶ ይበቃል ሁለቱን ገጥሞ በስፌት መኪናው መሃል ለመሃል፣ ያውም በድርብ ስፌት፣ ሰፋቸው። ጠርዙንም አሳምሮ ዘመዘመው። እህቴ ወደ መስኮቱ ብታነሳው በየመርፌው ቀዳዳ ብርሃን ይገባል።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼ እኮ ወንፊት ነው!»

«የእኔ ስፌት ተተርትሮ ያውቃል?»

ስለ መተርተር ማን ጠየቀው?

ግቢ ወጥቶ ማጣሪያውን ቴሌስኮፑ አፍ ላይ አጠለቀና ቀኝ ዓይኑን ተከለ። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አዝራር እለይለት ነበር።

«አየኋት!» ብሎ ጮኸ። «ፀሐይዋ ላይ ነጥብ አለች! መሃሏ ላይ!»

እንደ ሙሽራ እየተጎማለለ ገባ። ነጥቧ ግን ተከትላው ገባች። ግድግዳው ላይ አያት፤ የተዘረጋው ጨርቅ ላይም አያት። ከዚያ እህቴ ላይ አፈጠጠ።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«ፊትሽ ላይም አለች» አለ፤ ድምፁ አንሶ።

ሐኪሙ የዓይኑ መሃል እንደተቃጠለ፣ ምናልባትም እንደማይድን ነገረው። አሁን መርፌው ላይ ክር የምታስገባለት እህቴ ናት። እሱ ካርቶኑን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ለፀሐይዋ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥና «ይቺን ርካሽ ዘዴ ያገኘኋት እኔ ነኝ» እያለ ለደንበኞቹ ያስረዳል። የሚሰፋው ሱሪ ዛሬም አጭር ነው፤ ዓይኑ ከተጎዳ ወዲህ ደግሞ አንዱ እግር ከሌላው ያጥራል። እሱ ፀሐይዋን ሲያስጎበኝ፣ እህቴ ጓዳ ገብታ ስፌቱን ትፈታና እንደገና ትሰፋዋለች።