ዝምተኛዋ ወግ ስትጀምር

ልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ ሁለቱን ሴቶች በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። በስፌት መኪና የምትሰፋው «ወንዟ»፣ ጨርቅ የምትቆርጠው ደግሞ «አለቷ» ነበሩ። ወንዟ ጠዋት ደጃፍ ላይ የጀመረችው ወሬ ማታ ጨርቁ ታጥፎ እስኪቀመጥ አይቋረጥም፤ የወንድሟን ማንኮራፋት፣ የአውቶቡስ ሹፌሩን ኩራት፣ የጎረቤቷን ውሻ ሳይቀር እያስመሰለች ታስቃለች። አለቷ መቀሷን ይዛ ታዳምጣለች። በጣም ሲያስቃት ትከሻዋ ይነቀነቃል እንጂ ድምፅ አይወጣትም። አፏን ከከፈተች «ጠመኔውን አቀብዪኝ» ልትል ነው።

አንድ ቀን ልብስ ተኳሹ፣ «ለመሆኑ ይቺን ለፍላፊ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻልሻት?» ብሎ ጠየቃት።

አለቷ ጨርቁን አስተካክላ ስታበቃ፣ «ወንዝ እኮ ሜዳ ላይ ሲሄድ ድምፅ የለውም። የሚያወራው አለት ሲያገኝ ነው» አለች።

«ሰማችሁልኝ?» አለች ወንዟ ከት ብላ ስቃ። «የዓመቱን ተናግራ ጨረሰች!»

ታዲያ አንድ ጠዋት መኪናው እየሠራ ወሬው ቆመ። ሌላው ሰው ልብ አላለውም፤ አለቷ ግን ክው አለች። ቀና ብትል የጓደኛዋ አፍ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፣ እጇም ከጨርቁ ላይ ተንሸራቷል። «መኪና ጥሩ! ኧረ መኪና ጥሩ!» ብላ ስትጮኽ፣ ሠራተኛው ማን እንደጮኸ ለማወቅ ዙሪያውን ያይ ነበር።

ስትሮክ ነው ተባለ። ነፍሷ ተረፈች፤ እግሯም ቀስ በቀስ ተመለሰላት። አንደበቷ ግን ተያዘ። ከዚያ ሁሉ ቃል የቀራት አንድ ብቻ ነበር፦ «እሺ»። ውኃ ስትፈልግም እሺ፣ ስትናደድም እሺ፣ አልፈልግም ለማለትም እሺ።

ሐኪሟ ለልጇ፣ «አውሯት፤ ዝምታ ውስጥ አትተዋት» አለቻት። ጎረቤቱ መጀመሪያ ሰሞን ይጎርፍ ነበር። እሺ ብቻ ከሚል ሰው ጋር መጨዋወት ግን ከባድ ነውና እያደር እግሩን አሳጠረ። ያልቀረችው አለቷ ናት። ከሥራ ስትወጣ መጥታ አልጋው አጠገብ ትቀመጣለች፤ ቃል ግን ከየት ይምጣ! የመጀመሪያውን ምሽት እንዲሁ ተያይተው አመሹ። ስትመለስ መንገድ ላይ አለቀሰች።

በማግስቱ ስፌት ቤት ገብታ፣ «እስቲ ምን አዲስ ነገር አለ?» አለች። ተኳሹ ሊያቃጥል የነበረውን ሸሚዝ ለጥቂት አተረፈው። ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ወሬ ትጠይቅ ጀመር፤ ዓይን አፋርነቷ ፊቷን እያቀላው፣ ላብ እያጠመቃት። የሰበሰበችውን ማታ ለጓደኛዋ ታወራለች። አወራሯ ግን ጉድ ነው! ከመጨረሻው ትጀምራለች፣ ሳቁን ቀድማ ታፈሰዋለች፣ መሃል ላይ «አይ፣ ረሳሁት» ትላለች። ወንዟ በደህናው እጇ ግንባሯን ትመታለች።

አንድ ማታ አለቷ፣ «አለቃችን ሱሪውን ለባለቤቱ መለሰለት» ብላ ጀመረች። «ማለቴ፣ ሁለቱም እግሩ የግራ ነበር። አይ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ ሰውየው ለብሶት...»

«አይደለም!» አለች ወንዟ።

ሁለቱም ደነገጡ። «ምን አልሽ?» አለች አለቷ።

«አይ... ደለም። ከ... መጀመሪያው።»

የወንዟ ልጅ ዕቃ እያጠበች ነበር፤ አረፋ በአረፋ በሆነ እጇ ሮጣ መጥታ በሩ ላይ ቀረች። አለቷም እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ እንደታዘዘችው ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመረች።

የወንዟ ቃላት አንድ በአንድ ተመለሱ፤ እንደ ድሮው ባይሆንም ለማረም አልሰነፉም። ኋላ ስፌት ቤት ተመልሳ ቁልፍ መትከል ስትጀምር ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ አለቷ ታወራለች፣ ወንዟ ታርማለች፣ ሰውም መኪናውን አቁሞ ያዳምጣል።

ባለፈው ሰሞን አለቃቸው ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ኧረ እባክሽ ትንሽ ዝም በይ፣ ሥራ ይሠራበት!» ብሎ አለቷን ተቆጣት። እሷም እንደተሾመ ሰው ፊቷ በርቶ ዋለ።