ኳሱን አልመታም ያለው ባስልዮስ

ባስልዮስን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቴክሳስ ውስጥ ሌክ ሃይላንድስ በሚባለው ሰፈር የወላጆቹ አፓርታማ ከእኛ ፊት ለፊት ነው። ሃይስኩል እያለ የኛን እግር ኳስ ነበር የሚጫወተው። ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኝ አመታቱን አይቶ ወደ ራሱ ቡድን ወሰደውና መቺ፣ ኳሱን በእግር የሚመታው ተጫዋች፣ አደረገው። አባቱ ጋሹ፣ "የኔ ልጅ ጨዋታው እስኪያልቅ ቆሞ ያያል፤ ሲጠሩት ገብቶ እግሩን አንዴ ያነሳል" እያለ ይቀልድበት ነበር።

ኮሌጆች ለቡድናቸው ሳይቀበሉት ሲቀሩ ፎርት ዎርዝ ውስጥ የዕቃ ማመላለሻ ቫን መንዳት ጀመረ። ትሪኒቲ ሆርኔትስ የሚባለው ቡድን ሲቋቋም ግን ሞክሮ አለፈ። ቡድኑ የሚጫወተው በአዳራሽ ውስጥ የሚካሄደውን ፉትቦል ነው። ሜዳው ጠባብ ሲሆን ዙሪያውን በግድግዳ የታጠረ ነው። ተጫዋቾች ሲሮጡ ከግድግዳው ጋር መላተማቸው ስለማይቀር በወፍራም ስፖንጅ ይሸፍኑታል።

አዳራሹ የፈረስና የኮርማ ትርኢት የሚታይበት አሮጌ ቤት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሰው ሞላው። ተጫዋቾቹ ቀን መጋዘን የሚሠሩ፣ ጭነት የሚያወርዱ ሰዎች ናቸው። እኔም ከጋሹና ከሚስቱ ከእታለማሁ ጋር እሄድ ነበር። እታለማሁ ደንቡ ባይገባትም ልጇ ኳሱን በሁለቱ ብረቶች መሀል ሲያሳልፍ እልል ትላለች። ከኋላችን የሚቀመጡት ቴክሳሶች እልልታዋን ከመልመዳቸው የተነሳ ስትዘገይ ዞረው ያዩዋታል።

በሁለተኛው ዓመት የቡድኑ ባለቤት ከአንድ የፒክአፕ መኪና ሻጭ ጋር ተዋዋለ። የሻጩ ማስታወቂያ በካሜራ ጎልቶ እንዲታይ ተብሎ በአንደኛው ጥግ ያለው ስፖንጅ ተነሳና በምትኩ የቆርቆሮ ሰሌዳ ተገጠመ። ስፖንጁ ተቀዶ ወይም ጠፍቶ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ተጠቅልሎ እዚያው ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ባስልዮስ አይቶት ለሆርኔትስ አሰልጣኝ ነገረው።

"ወደዚያ ጥግ አትሩጡ" አለው አሰልጣኙ።

ኳስ ለመያዝ ሽቅብ እያየ የሚሮጥ ሰው እንዴት አድርጎ ነው ጥግ የሚመርጠው?

የፈሩት ደረሰ። ዴቮን የሚባል ኳስ ተቀባይ፣ የባስልዮስ የቅርብ ጓደኛ፣ ኳሱን አየር ላይ እንደያዘ በትከሻው ከቆርቆሮው ጋር ተላተመ። ድምፁን እኛ የላይኛው ወንበር ላይ ሆነን ሰማነው። እታለማሁ ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኛ የምትንከባከብ ናት፤ ገና ከሩቁ አይታ "እንዳያነሱት፣ አንገቱን እንዳይነኩት" እያለች ደረጃውን ወረደች። ትከሻው ተሰባብሮ፣ የእጁ ጅማት ተበጥሶ ነበር።

በማግሥቱ የቡድኑ ባለቤት መግለጫ አወጣ። ተጫዋቹ ራሱን መቆጣጠር ስላልቻለ የደረሰ አሳዛኝ አጋጣሚ ነው ይላል። ስለ ስፖንጁ አንድ ቃል የለበትም። ይህን ሳነብ ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው የሜዳቸው ጨዋታ ሲደርስ ሄድን። ሰሌዳው አልተነሳም። ዴቮን ያጎበጠውን ቆርቆሮ አቃንተው፣ ቀለም ቀብተው መልሰውታል። የፒክአፑ ሥዕል በላዩ ላይ ያብረቀርቃል።

ጨዋታው የሚጀመረው ባስልዮስ ኳሱን ሲመታ ነው። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ባስልዮስ ኳሱን ከመሬት አንስቶ በብብቱ ያዘና ቆመ። ዳኛው ደግሞ ነፋ። ሰው መጮህ ጀመረ። ያ ጩኸት ወዲያው ወደ ስድብ ተለወጠ፤ ከኋላችን ያሉት፣ እልልታ የሚጠብቁት ሰዎች ሳይቀሩ "አውጡት" አሉ። አሰልጣኙ መጣ። ከዚያ ባለቤቱ ራሱ ሜዳ ገባ።

የተባባሉትን በኋላ ባስልዮስ ነግሮናል።

"ኳሱን ምታ" ብሎታል ሰውየው።

"ስፖንጁ ዕቃ ቤት ነው ያለው። ይመለስና እመታለሁ።"

"አንተ ማን ስለሆንክ ነው?"

"መቺው ነኛ።"

ባስልዮስ ይህን ብሎ ወደ ጥጉ ሄደና ጀርባውን ለቆርቆሮው ሰጥቶ ተቀመጠ። ጓደኞቹ አንድ በአንድ እየሄዱ አጠገቡ ተቀመጡ። የተቃራኒው ቡድን አምበል መጥቶ ቆርቆሮውን በጡጫው ሁለቴ መታው። አዳራሹ አስተጋባ። ሄልሜቱን አወለቀና የቡድኑን ልጆች ይዞ ወጣ። ስፖንጁን ለማምጣት ሁለት ሰው ይበቃ ነበር፤ ባለቤቱ ግን ጨዋታው ቢሰረዝ መረጠ።

ብዙም ሳይቆይ ቡድኑ ተዘጋ። ምክንያቱ ምን ተባለ? የአንድ ተጫዋች ግትርነት። ሁለት ዓመት ያልሞላው የሆርኔትስ ታሪክ ዛሬም ኢንተርኔት ላይ የሚነበበው እንደዚያ ተጽፎ ነው። ከእኛም ሰው አልጠፋም፤ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ አዋቂ ሰው ጋሹን ይዞ፣ "በሰው አገር ልጅህ ስማችንን ባያጠፋ ምን ነበረበት?" አለው። ጋሹ ቀልደኛ ነው፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም። "የሰው ልጅ አጥንት ከሚሰበር የኔ ስም ይጥፋ" ብሎት ሄደ።

ኦክላሆማ ያለ አንድ ቡድን ለሙከራ ጠርቶት ነበር። ሊሄድ ሲዘጋጅ ኮል አድርገው "ታሪክህን ሰምተናል" ብለው ሰረዙት። አንድ ቀን መኪና ማቆሚያው ጋ ሳገኘው፣ "አይቆጭህም?" አልኩት።

"ጋሼ ፍቅሩ፣ ማለቴ፣ ይቆጨኛል" አለኝ። "ግን ኪክ ባደርግ ኖሮ፣ ሶ፣ ዴቮንን ምን ብዬ ነው የማየው?"

ዴቮን አሁን ይራመዳል፣ ይነዳል። ቀኝ እጁ ግን ከትከሻው በላይ አይወጣም፤ የመጋዘን ሥራውን ትቷል። ሊጉ በዚያው ዓመት አዲስ ደንብ አወጣ። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ዳኞች ግድግዳውን ዞረው በእጃቸው እየነኩ ማየት አለባቸው። ደንቡን ሲያስታውቁ የተጫዋቾች ደኅንነት ምንጊዜም ቀዳሚ ዓላማችን ነው አሉ። ምንጊዜም። የዴቮንንም ሆነ የባስልዮስን ስም አላነሱም።

ባስልዮስ ይህን ሳነብለት የቫኑን ጎማ እየነፋ ነበር። "ጥሩ ነው፣ ቢያንስ ያያሉ" አለና ሥራውን ቀጠለ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ስናገረው ያንገበግበኛል።